በዚፕና በሰቨን ዚፕ የተጠቀለሉ ምስሎችን ሳይፈቱ ስለማየት

ብራና ወዳጅ (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። በትርፍ ጊዜዬ የቆዩ የአማርኛና የግእዝ ኅትመቶችን ስካን እያሰባሰብኩ አነባለሁ። አብዛኛውን የማገኘው ኢንተርኔት አርካይቭ ከተባለው ነጻ የኢንተርኔት ቤተ መጻሕፍት ሲሆን፣ አንዱን መጽሐፍ በፒዲኤፍም ሆነ የየገጹን ምስል አንድ ላይ በያዘ ዚፕ ፋይል ማውረድ ይቻላል። ፒዲኤፉ መጠኑ እንዲያንስ በብርቱ ስለሚጨመቅ፣ በደቃቅ ፊደል በታተመ ገጽ ላይ «ቡ» ይሁን «ቢ» ለመለየት የሚያስቸግርበት ጊዜ አለ፤ ስለዚህ ዚፑን እመርጣለሁ። ችግሬም የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ላፕቶፔ ዊንዶውስ 10 የተጫነበትና 4 ጊጋባይት ራም ያለው አሮጌ ማሽን ነው፤ ሃርድ ዲስኩም ሊሞላ ትንሽ ቀርቶታል። ዚፑን ደብል ክሊክ ሳደርገው እንደ ፎልደር ይከፈታል፤ በውስጡ ካሉት ምስሎች ግን አንዱም አይታይም፤ በየትኛው ፕሮግራም ልክፈተው እያለ ይጠይቀኛል። ውስጡ ጄፔግ የሆነ ሌላ ዚፕ ስከፍት ደግሞ የነካሁት ገጽ ይታያል፤ ወደሚቀጥለው ገጽ ለማለፍ ቀስቱን ስጫን ግን ምንም አይመጣም። ወደ ኋላ ተመልሼ ሁለተኛውን ገጽ፣ አሁንም ተመልሼ ሦስተኛውን መክፈት ይኖርብኛል። ሦስት መቶ ገጽ ያለውን መጽሐፍ በዚህ አኳኋን ማንበብ የማይታሰብ ነው። ሁሉንም ፈትቼ እንዳላስቀምጥ ዲስኩ አይችለውም።

ሁለተኛው ጉዳይ የቤተሰብ ነው። ውጭ አገር የምትኖረው እኅቴ የአያታችንን ደብዳቤዎችና የርስት ወረቀቶች ስካን አድርጋ፣ በሰቨን ዚፕ ጠቅልላ በቴሌግራም ልካልኛለች (እንደ ፎቶ ቢላኩ ቴሌግራም ጥራታቸውን ስለሚቀንሰው በፋይል መላኳ ትክክል ነበር)። የዚህኛው ጥቅል የመጀመሪያዎቹ ገጾች ፈጥነው ይመጣሉ፤ ወደ መጨረሻው ያሉትን ስነካ ግን ማሽኑ ለረጅም ጊዜ ያስጠብቀኛል። ቀደም ሲል ከማክ ኮምፒውተሯ በዚፕ የላከችው ሌላ ጥቅል ደግሞ ፈጥኖ ቢከፈትም፣ በአማርኛ የሰየመቻቸው የፋይል ስሞች ሁሉ የማይነበብ ምልክት ሆነዋል፤ ገጾቹም ከ1 ቀጥሎ 10፣ ከዚያ 100፣ ከዚያ 2 እያሉ ተዘበራርቀው ነው የሚደረደሩት።

ጥቅሉን ሳልፈታ፣ ገጽ በገጽ እየገለጥኩ የማነብበት ነጻ ፕሮግራም አለ? የሰቨን ዚፑ መዘግየትስ ከፕሮግራሙ ነው ወይስ ከፋይሉ? የምታውቁ ብታብራሩልኝ አመሰግናለሁ።


ጠጋኙ

ለዊንዶውስ ሃኒቪው ይበቃዎታል። የደቡብ ኮሪያው ባንዲሶፍት ያወጣው ነጻ ፕሮግራም ሲሆን፣ ዚፕን፣ ራርን፣ ሰቨን ዚፕንና ታርን ሳይፈታ ይከፍታል። ኢንተርኔት አርካይቭ የገጽ ምስሎችን የሚያስቀምጥበትን ጄፔግ 2000 የተባለውን ፎርማትም ያነባል። ዚፑ ላይ ራይት ክሊክ አድርገው በሃኒቪው ይክፈቱት፤ ከዚያ በኋላ የቀስት ቁልፎች ገጹን ይገልጣሉ። ድርጅቱ በአሁኑ ጊዜ የሚገፋው ባንዲቪው የተባለውን ተከታዩን ነው፤ እንደ እርስዎ ላለው ማሽን ግን ቀለል ያለው የቀድሞው ይሻላል ባይ ነኝ።


መዝገብ ቤት

ጠጋኙ የጠቆመው ፕሮግራም ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ጠያቂው ያነሷቸው ነገሮች ምክንያታቸው የተለያየ ስለሆነ አንድ ፕሮግራም በመጫን ብቻ ሁሉም የሚፈታ አይመስለኝም። በተለይ የሰቨን ዚፑ ጉዳይ ከማሳያ ፕሮግራሙ ይልቅ ጥቅሉ ከተሠራበት መንገድ ጋር የተያያዘ ነው።

በመጀመሪያ ቀስቱ ለምን እንደማይሠራ ልግለጽ። ዊንዶውስ ዚፕን እንደ ፎልደር አድርጎ ያሳያል እንጂ እውነተኛ ፎልደር አያደርገውም። በዚፕ ውስጥ ያለውን ምስል ደብል ክሊክ ሲያደርጉ፣ ሲስተሙ ያንን አንድ ፋይል ብቻ አውጥቶ በጊዜያዊ ፎልደር ውስጥ ያኖረዋል፤ ለፎቶ ማሳያውም የሚያስረክበው ይህንኑ ቅጂ ነው። ማሳያው ዞር ብሎ ጎረቤት ምስል ሲፈልግ በዚያ ጊዜያዊ ፎልደር ውስጥ ያለው እርሱ የያዘው ምስል ብቻ ይሆንበታል፤ ስለዚህ ቀስቱ የሚሄድበት የለውም። እንደ ሃኒቪው ያሉት ፕሮግራሞች ግን ጥቅሉን ራሳቸው ከፍተው የውስጡን ዝርዝር ስለሚያነቡ ቀጣዩ ገጽ የትኛው እንደሆነ ያውቃሉ።

የአርካይቩ ምስሎች ጨርሶ አለመታየታቸው ደግሞ ከዚፕ ጋር ግንኙነት የለውም። ጄፔግ 2000 በስሙ ከተለመደው ጄፔግ ጋር ይመሳሰል እንጂ አሠራሩ ፈጽሞ ሌላ ነው፤ የዊንዶውስ ፎቶ ማሳያም አያውቀውም። ዚፑን ፈትተው ምስሎቹን በዴስክቶፕ ላይ ቢያስቀምጧቸውም አይከፈቱልዎትም ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ዚፕ እ.ኤ.አ. በ1989 ፊል ካትዝ ያወጣው ፎርማት ሲሆን፣ በውስጡ የሚገባው እያንዳንዱ ፋይል ለየብቻው ይጨመቃል፤ የሁሉም ፋይሎች ዝርዝርም እያንዳንዳቸው ከሚጀምሩበት ቦታ ጋር በጥቅሉ መጨረሻ ላይ ይጻፋል። ማውጫው በመጨረሻው ገጽ ላይ እንደታተመ መጽሐፍ ማለት ነው፦ ፕሮግራሙ አስቀድሞ መጨረሻውን ያነባል፤ 250ኛው ምስል የት እንዳለ ካወቀ በኋላ በቀጥታ እዚያ ዘሎ እርሱን ብቻ ይፈታል። ለዚህ ነው ዚፕ ገጽ እየገለጡ ለማንበብ የሚመቸው።

ኢጎር ፓቭሎቭ እ.ኤ.አ. በ1999 ያስጀመረው ሰቨን ዚፕ ሌላ መንገድ ይከተላል። ካልከለከሉት በስተቀር ብዙ ፋይሎችን እንደ አንድ ረጅም ፋይል አያይዞ በአንድነት ይጨምቃቸዋል፤ ይህም ተመሳሳይ ጽሑፍ ያለባቸውን ፋይሎች መጠን በእጅጉ ይቀንሳል። ዋጋው ግን ከመካከል መጀመር አለመቻሉ ነው። የ180ኛውን ደብዳቤ ምስል ለማየት ፕሮግራሙ በዚያው ክምር ከፊቱ ያሉትን ሁሉ አንድ በአንድ መፍታት አለበት። እኅትዎ የላኩት ጥቅል ወደ መጨረሻው ሲሄዱ የሚዘገየው በዚህ ምክንያት ነው፤ የትኛውንም ማሳያ ቢጭኑ ይህ ባሕርይ ከሥሩ አይጠፋም። ራርም እንዲሁ ተያይዞ ሊጨመቅ ይችላል፤ ነገር ግን በራር ላይ ይህ የሚሆነው ጠቅላዩ ሲመርጠው ብቻ ነው። በሊኑክስ የተለመደው በጂዚፕ የተጨመቀ ታር ከሁሉም ይብሳል፤ ማውጫ ስለሌለው የውስጡን ስም ዝርዝር ለማወቅ ብቻ እንኳ ከዳር እስከ ዳር መነበብ አለበት።

የሚያሳዝነው ይህ ሁሉ መዘግየት ለምስል የሚሰጠው ጥቅም እጅግ አነስተኛ መሆኑ ነው። ጄፔግም ሆነ ጄፔግ 2000 ራሳቸው የተጨመቁ ስለሆኑ በላያቸው ላይ ሌላ ጭመቃ ቢደረግባቸው ከመጠናቸው የሚቀነሰው ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ስካነሩ ሳይጨምቅ ያስቀመጠው ቲፍ ወይም ቢኤምፒ ሲሆን ነው ጭመቃው የሚታይ ለውጥ የሚያመጣው። ለፎቶ ጥቅል የሚያስፈልገው አንድ ላይ ማሰር እንጂ መጨመቅ አይደለም።

ስለዚህ ለቤተሰብ ሰነዶቹ የምመክርዎት፣ ሰቨን ዚፑን አንድ ጊዜ ወደ ፍላሽ ዲስክ ፈትተው እንደገና በዚፕ እንዲጠቀልሉት ነው። የሰቨን ዚፕ ፕሮግራምን ከጫኑ፣ ምስሎቹን በሙሉ መርጠው ራይት ክሊክ ያድርጉ፤ ወደ ጥቅል ጨምር የሚለውን ይክፈቱ፤ ከፎርማቶቹ ዚፕን፣ ከጭመቃ ደረጃዎቹም «ስቶር» የሚለውን፣ ማለትም ሳይጨምቅ እንዳለ የሚያስቀምጠውን ይምረጡ። ሥራው ቶሎ ያልቃል፤ የምስሎቹም ጥራት በምንም አይነካም፤ ከዚያ በኋላ የመጨረሻው ገጽ እንደ መጀመሪያው ፈጥኖ ይከፈታል። ጥቅሉ በትክክል መሠራቱን ሳያረጋግጡ ግን ዋናውን አይሰርዙ፤ በዚያው ፕሮግራም ውስጥ «ቴስት» የሚለው ቁልፍ እያንዳንዱን ፋይል ከተመዘገበለት የማረጋገጫ ቁጥር ጋር ያመሳክርልዎታል።


ብራና ወዳጅ (ጠያቂ)

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። ሃኒቪውን ጭኜ የአርካይቩን ዚፕ ከፍቻለሁ፤ ገጾቹ በቅደም ተከተል እየመጡ ነው። ሰቨን ዚፑንም እንደተባለው ወደ ዚፕ ለውጬዋለሁ፤ መዘግየቱ ጠፍቷል። አንድ ነገር ግን ቀርቷል፦ የአርካይቩን መጽሐፍ ሳነብ እያንዳንዱን ገጽ ስገልጥ አሁንም መጠነኛ ቆይታ አለ። ፋይሉ ዚፕ ሆኖ ሳለ ይህ ለምን ይሆናል?


መዝገብ ቤት

ይህኛው ቆይታ የምስሉ እንጂ የጥቅሉ አይደለም። ጄፔግ 2000 ጥራትን በመጠበቅ ረገድ ግሩም ነው፤ ሲፈታ ግን ከተራው ጄፔግ እጅግ የበለጠ ስሌት ይጠይቃል፤ አሮጌ ፕሮሰሰር ይህን በግልጽ ያሳያል።

የራሙንም ነገር አብረው ያስቡበት። ስፋቱ 3000፣ ቁመቱ 4500 ነጥብ የሆነ ባለ ቀለም ገጽ በዲስክ ላይ አንድ ወይም ሁለት ሜጋባይት ሊሆን ይችላል። በስክሪን ላይ ለመታየት ግን መፈታት አለበት፤ ሲፈታም ለእያንዳንዱ ነጥብ ሦስት ባይት ስለሚያስፈልገው 40 ሜጋባይት ገደማ ራም ይይዛል። ማሳያው ንባቡን ለማፋጠን ቀጣይና ያለፉ ገጾችን አስቀድሞ ፈትቶ የሚያስቀምጥ ከሆነ፣ አሥር ገጽ 400 ሜጋባይት ያህል ወሰደ ማለት ነው። በ4 ጊጋባይት ማሽን ላይ ብሮውዘርዎ አጠገቡ ተከፍቶ ከሆነ ሲስተሙ መጨናነቁ አይቀርም። በሚያነቡበት ጊዜ ብሮውዘሩን ይዝጉ፤ በማሳያው ቅንብር ውስጥ አስቀድሞ የሚጫኑ ገጾችን ቁጥር የሚወስን አማራጭ ካለም ወደ አንድ ወይም ሁለት ዝቅ ያድርጉት።

ደጋግመው የሚያነቡት መጽሐፍ ከሆነ ገጾቹን ኤክስኤንቪው ኤምፒ በተባለው የምስል ፕሮግራም በጅምላ ወደ ጄፔግ ለውጠው ለንባብ የሚሆን ሁለተኛ ዚፕ ቢሠሩ ይመረጣል። ጥራቱን ከ90 በታች ካላወረዱት ያ የ«ቡ» እና የ«ቢ» ልዩነት አይጠፋብዎትም። ዋናውን ዚፕ በውጭ ዲስክ ላይ ያኑሩት።


ቀጥተኛ

እኔ በዚህ አካሄድ ሙሉ በሙሉ አልስማማም። «ሳይፈታ ያሳያል» የሚባለው አነጋገር ራሱ ሰውን ያሳስታል። የትኛውም ማሳያ ምስሉን ሳይፈታ ሊያሳይ አይችልም፤ ጥያቄው የፈታውን የት ያስቀምጠዋል የሚል ነው። አንዳንዱ ፕሮግራም በራም ላይ ብቻ ይፈታል፤ ሲዘጋም አብሮ ይጠፋል። አንዳንዱ ግን በድብቅ ጥቅሉን በሙሉ ወደ ጊዜያዊ ፎልደር ይዘረግፈዋል፤ ፕሮግራሙ ሳይታሰብ ከተቋረጠም የዘረገፈው እዚያው ይቀራል። ዲስኬ ሊሞላ ነው ብሎ የተነሣ ሰው፣ ቦታ ቆጠብኩ እያለ ሳያውቀው በሌላ በር ሲሞላው ይገኛል። አዲስ ማሳያ የጫነ ሰው አንድ ትልቅ ዚፕ ከፍቶ ሳለ የዊንዶውስን ጊዜያዊ ፎልደር ከፍቶ ማየት ይገባዋል፤ በዚያ ውስጥ የገጽ ምስሎች ሲከማቹ ካየ ፕሮግራሙን ይለውጥ።

ከዚህ ሌላ፣ በጥቅል ውስጥ ያለ ምስል ለማየት እንጂ ለመሥራት አይሆንም። የተገለበጠ ገጽ ማሽከርከር፣ ጠርዙን መቁረጥ ወይም በምስሉ ላይ ማስታወሻ መጻፍ የሚፈልግ ሰው፣ አብዛኞቹ ማሳያዎች ለውጡን ወደ ጥቅሉ መልሰው ስለማይጽፉለት ልፋቱ ከንቱ ይሆናል። ጠያቂው የአያታቸውን ደብዳቤዎች ማስተካከልና ቀን በቀን ማደራጀት ካሰቡ፣ እነዚያን ፈትተው በተራ ፎልደር ማስቀመጥ አለባቸው። የተነባቢ መጻሕፍት ጥቅል በዚፕ ይቆይ፤ በዚህ አልከራከርም።

ስለ ደኅንነትም አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም፤ በቴሌግራም ቻናል የተገኘ ሁሉ የእኅት ስጦታ አይደለምና። እ.ኤ.አ. በ2023 ዊንራር በተባለው የጥቅል መክፈቻ ፕሮግራም ላይ የተገኘው የደኅንነት ቀዳዳ ልክ ይህንን የሚመለከት ነበር፦ ተጠቃሚው በዊንራር ውስጥ ሆኖ በጥቅሉ ያለ አንድ ተራ የሚመስል ምስል ወይም ጽሑፍ ሲከፍት፣ በተመሳሳይ ስም ከተሰየመ ፎልደር ውስጥ የተደበቀ ተንኮል አዘል ትእዛዝ ይሠራ ነበር። ቀዳዳው የተደፈነው በዚያው ዓመት ኦገስት በወጣው 6.23 ቅጂ ነው፤ ዊንራር ግን ራሱን በራሱ ስለማያሻሽል የቆየውን ቅጂ እስከ ዛሬ የሚጠቀም ሰው ጥቂት አይደለም። እንዲህ ያለ ሰው አዲሱን ቅጂ ዛሬውኑ ይጫን። የፋይል ኤክስቴንሽን (ከስሙ መጨረሻ ያለው የዓይነቱ ቅጥያ) እንዲታይ ማድረግም ግድ ነው፤ ፎቶ መስሎ የመጨረሻ ቅጥያው የፕሮግራም የሆነ ፋይል የሚታወቀው በዚያ ነውና። ምስል ብቻ የሚያነብ ማሳያ በጥቅሉ ውስጥ ያለውን ፕሮግራም ስለማያስነሣው በዚህ ረገድ ከመፍታት ይልቅ የተሻለ መሆኑን እቀበላለሁ።


ሸማኔ

ሊኑክስ ለምትጠቀሙ ሰዎች ባጭሩ፦ ኦኩላርና ኢቪንስ የተባሉት የሰነድ ማንበቢያዎች የምስል ጥቅልን እንደ መጽሐፍ ይከፍታሉ። የሚጠብቁት ኤክስቴንሽን ግን ለሥዕላዊ ታሪክ መጻሕፍት የተለመደው ሲቢዜድ ነው። ይህ አዲስ ፎርማት አይደለም፤ ዚፕ ራሱ ነው፤ የስሙን መጨረሻ ከዚፕ ወደ ሲቢዜድ መለወጥ ብቻ ይበቃል። ራር ሲሆን ሲቢአር ይባላል። ኤምኮሚክስ ደግሞ ስሙ ሳይለወጥም ዚፕን፣ ራርንና ሰቨን ዚፕን ይቀበላል፤ ነገር ግን ወደ ጊዜያዊ ፎልደር ከሚዘረግፉት አንዱ ስለሆነ ቀጥተኛ ያለውን ልብ ይበሉ።

በአንድሮይድ ስልክ ላይ ፐርፌክት ቪወር ዚፕና ሲቢዜድ ይከፍታል። ለስልክ የሚሆነው ግን መዝገብ ቤት እንዳለው ወደ ጄፔግ የተለወጠው ጥቅል ነው። ማክ ላይ ፋይሉን ደብል ክሊክ ማድረግ ጥቅሉን ወዲያው ስለሚፈታው፣ በሲቢዜድ ስም ለውጦ ያክሪደር በተባለው ማንበቢያ መክፈት ይሻላል።


ፊደል ቆጣሪ

ስለ አማርኛ ስሞቹ ማንም ስላልመለሰ እኔ ልሞክር። ዚፕ ሲፈጠር የፋይል ስሞች የሚጻፉት በቀድሞው የአይቢኤም ፒሲ የፊደል ሰንጠረዥ ነበር፤ በዚያ ሰንጠረዥ ውስጥ የግእዝ ፊደል የለም። ፊደላችን ወደ ዩኒኮድ፣ ማለትም የዓለምን ፊደላት በአንድ ወደሚይዘው የኮምፒውተር ሰንጠረዥ፣ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ሲሆን፣ ዚፕ ደግሞ ስሙ በዩኒኮድ መጻፉን የሚያመለክት ምልክት በደንቡ ውስጥ ያካተተው ከዚያ ዓመታት በኋላ ነው። አሁንም ስሙን በዩኒኮድ ጽፈው ምልክቱን የማያኖሩ ጠቅላይ ፕሮግራሞች አሉ፤ በማክ ውስጥ ያለው ጠቅላይ በዚህ ይታወቃል። ምልክቱን ያላየ ፕሮግራም ስሙን በጥንቱ ሰንጠረዥ ያነበዋል፤ አንድ የግእዝ ፊደል በተለመደው የዩኒኮድ አጻጻፍ በዩቲኤፍ-8 ሦስት ባይት ስለሚይዝም ለእያንዳንዱ ፊደላችን ሦስት እንግዳ ምልክት ይደረድራል። «ደብዳቤ» የሚለው ባለ አራት ፊደል ስም አሥራ ሁለት ምልክት ሆኖ ይታያል ማለት ነው።

ጠያቂው ይህንን ቆጥረው ቢያረጋግጡ መልካም ነው። ምልክቶቹ የስሙን ሦስት እጥፍ ያህል ከሆኑ ስሙ አልጠፋም፤ በዩኒኮድ እንዲያነብ ሊታዘዝ በሚችል ፕሮግራም ሲፈታ ተመልሶ ይነበባል። በስሙ ቦታ የጥያቄ ምልክት ብቻ ተደርድሮ ከሆነ ግን ፊደሉ ሲጠቀለል ጊዜ ተደምስሷል፤ ከላኪው እንደገና ከማስላክ በቀር መላ የለውም። ሰቨን ዚፕ ፎርማት ስሞችን ከመነሻው በዩኒኮድ ስለሚይዝ ሁለተኛው ጥቅል ይህ ችግር አልደረሰበትም።

ጥቅሉ ከማክ የመጣ ስለሆነ ሌላም ነገር ሳይገጥማቸው አይቀርም። ማክ ሲጠቀልል ብዙ ጊዜ በራሱ ስም የሚጠራ ተጨማሪ ፎልደር ያስገባል፤ በውስጡም ለእያንዳንዱ ምስል በነጥብና በግርጌ ሰረዝ (._) የሚጀምር፣ ስሙና ኤክስቴንሽኑ ግን ከምስሉ ጋር አንድ የሆነ ትንሽ ፋይል ያኖራል። እነዚህ ምስሎች አይደሉም። ማሳያው ግን ኤክስቴንሽናቸውን አይቶ ሊከፍታቸው ይሞክርና «የተበላሸ ፋይል» ይላል። ሰው ግማሹ ደብዳቤ ተበላሸብኝ ብሎ ይደነግጣል እንጂ የጎደለ ነገር የለም፤ ፎልደሩን ከጥቅሉ ውስጥ መሰረዝ ይቻላል።

ስለ ቅደም ተከተሉ፦ ፕሮግራሙ ስሞችን እንደ ቃል ፊደል በፊደል ሲያወዳድር 10 ከ2 ይቀድማል። በማሳያው ቅንብር ውስጥ ቁጥርን እንደ ቁጥር የሚቆጥር የአደራደር አማራጭ ካለ እርሱን መምረጥ ይበቃል። ከሌለ ፋይሎቹን 001፣ 002 እያሉ በዜሮ መሙላት ነው፤ የአርካይቩ ጥቅሎች ያልተዘበራረቁት ገጾቹ ከመነሻው በባለ አራት አሐዝ ቁጥር ስለተሰየሙ ነው። በነገራችን ላይ፣ በግእዝ ቁጥር ቢሰየሙ በዩኒኮድ ተራ የሚደረድር ፕሮግራም ያለ ምንም ዜሮ እስከ ፻፺፱ ድረስ ሳይሳሳት ይደረድራቸዋል፤ ፲ ራሱን የቻለ ምልክት ሆኖ ከ፱ በኋላ ስለሚመጣ ነው። የሚፋለሰው ከ፪፻ ጀምሮ ነው፤ ያን ጊዜ ሁለት መቶኛው ገጽ በ፪ እና በ፫ መካከል ይገባል። ለአጭር የብራና መጽሐፍ ግን ያምራል።


ብራና ወዳጅ (ጠያቂ)

ምልክቶቹን ቆጥሬያለሁ፤ ሦስት እጥፍ ናቸው፤ እፎይ ብያለሁ። የመጨረሻ ጥያቄ ላቅርብ። በሞባይል ዳታ ሳወርደው ግማሽ መንገድ ላይ የተቋረጠ አንድ ትልቅ ዚፕ አለኝ። ከግማሽ በላይ ወርዷል፤ ነገር ግን የትኛውም ማሳያ «ጥቅል አይደለም» ይላል እንጂ የወረዱትን ገጾች እንኳ አያሳየኝም። ከፋይሉ ግማሽ በላይ ካለኝ ግማሹን መጽሐፍ ማየት አልነበረብኝም?


መዝገብ ቤት

ከላይ እንዳልኩት የዚፕ ዝርዝር ያለው በመጨረሻው ላይ ነው፤ የእርስዎ ፋይል ደግሞ የጎደለው መጨረሻው ነው። ማሳያው መጀመሪያ የሚፈልገውን ዝርዝር ስላጣ ፋይሉን ጥቅል አይደለም ብሎ ይተወዋል። ገጾቹ ግን አሉ፤ እያንዳንዱ ፋይል ከራሱ ፊት ስሙንና መጠኑን የያዘ አጭር ራስጌ ስላለው፣ ዊንራር ውስጥ ያለው የመጠገኛ ትእዛዝ ወይም በሊኑክስ ያለው የዚፕ ፕሮግራም መጠገኛ እነዚህን ራስጌዎች እየለቀመ ዝርዝሩን እንደገና ሊሠራው ይችላል። መጠገኛው ሁልጊዜ በአዲስ ስም ስለሚጽፍ ለሌላ ቅጂ የሚበቃ ቦታ በዲስኩ ላይ ያዘጋጁ።

ይሁን እንጂ ከመጠገን ይልቅ ማውረዱን ከቆመበት መቀጠል ይቀላል። የአርካይቩ ሰርቨር ይህን ይፈቅዳል፤ ብሮውዘርዎ ካልቻለበት ከቆመበት የሚቀጥል ማውረጃ ፕሮግራም ይጠቀሙ። ለብዙዎቹ መጻሕፍት ቶረንትም (ፋይልን በቁራጭ በቁራጭ የማውረጃ ዘዴ) ተዘጋጅቷል፤ ቶረንት የወረደውን እያንዳንዱን ቁራጭ ስለሚያረጋግጥ ለሚቆራረጥ መስመር የተሻለ ነው። የሚፈልጉት ጥቂት ገጽ ብቻ ከሆነ ደግሞ ዚፑን ጨርሶ ማውረድ አያስፈልግዎትም፦ በመጽሐፉ የፋይል ዝርዝር ገጽ ላይ ከዚፑ ስም አጠገብ ይዘቱን ለማየት የሚያስችል ማስፈንጠሪያ አለ፤ እርሱን ሲነኩ የውስጡ ምስሎች አንድ በአንድ ይዘረዘራሉ፤ የፈለጉትን ገጽ ለብቻው ማውረድ ይችላሉ። ለአንድ ገጽ ብለው ብዙ መቶ ሜጋባይት ዳታ ከማቃጠል ይድናሉ። እስከዚያው ግን በእጅዎ ያለውን ግማሽ ፋይል አይሰርዙት፤ ስሙንም አይለውጡት፤ ማውረጃው ከቆመበት ሊቀጥል የሚችለው ስሙና ቦታው እንደነበረ ሲያገኘው ነው።